በሥዕሉ ላይ የቆሙበት በረዶ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ታቢታ ኤልያሰን
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ጠባቂ
አድራሻ፦ ግሪንላንድ፣ ኡፔርናቪክ አካባቢ፣ ኢትሊቅ መንደር፣ የቤት ቁጥር 31
ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር ዩስቱስ ሐመከን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ትናንት በአቶ ቶርበን ክሊትጎር ላይ ስለደረሰው አደጋ የማውቀውን ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቃሌን ብቆራርጥ ከፍርሃት ነው።

በምጠብቀው ማረፊያ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለቤቱ ከኮፐንሃገን የላኩት ትልቅ ሥዕል አለ። የድሮ ዘመን አሳሾች ቀይ ካፖርት ለብሰው ከእኛ ሰዎች ጋር በረዶ ላይ ሲገናኙ ያሳያል። ወንድሜ ቤንዶ ሥዕሉን ባየ ቁጥር፣ “እታለም፣ ያ እጁን የዘረጋው አያታችን ነው፤ ትምባሆ አልቆበት ነው” እያለ ያስቀኝ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀን ግን የቆሙበት ቦታ ነው። ከጀርባቸው የሚታየው አለት ከመንደራችን ፊት ለፊት ያለው አለት ነው። ከሥሩ ያለውን በረዶ ወራጁ ውኃ ከታች ስለሚበላው በየትኛውም ክረምት አይጸናም፤ ውሻ እንኳ አይረግጠውም። ሠዓሊው ይህን አላወቀም። እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳቅንበት እንጂ ለእንግዳ አስረድተን አናውቅም።

አቶ ቶርበን ለግድግዳ የሚሰቀል ፎቶ እያነሱ የሚሸጡ ሰው ናቸው። የመጡትም ያንኑ ሥዕል አስመስለው ፎቶ ለማንሳት ሲሆን ቀይ ካፖርት ሳይቀር ይዘው ነበር። ወንድሜን የቆዳ ልብሱን ለብሶ ከፊታቸው እንዲቆም ቢለምኑት፣ በቋንቋችን “ሥዕሉ ላይ ያሉት እኮ ይኼኔ ሰምጠዋል፤ እኔ ምን አድርጌው ነው እዚያ የሚያቆመኝ?” ብሎኝ ወጣ። እሳቸው ቋንቋችንን ስለማያውቁ አብረውት ሳቁ።

በትናንትናው ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አንሶላ ስቀይር ወደ መስኮቱ ጠሩኝና አለቱን እያሳዩ በዴንማርክኛ፣ “እዚያ ሥር፣ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ መቆም ይቻላል?” አሉኝ። እኔም አፍንጫዬን ሸብሸብ አደረግሁ። በእኛ ዘንድ ይህ አይሆንም ማለት ነው፤ ልጅም ሽማግሌም እንዲሁ ነው የሚመልሰው። እሳቸው ግን “ውይ፣ ለካ ዓሣው ነው! እኔንም ሲሸተኝ ነበር” ብለው መስኮቱን ዘጉ። ከመስኮቱ ሥር የተሰቀለ ዓሣ ነበር። አስጠንቅቄያቸው እንደሆነ ተጠይቄ፣ አዎ፣ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ከረፋዱ 5፡10 ላይ የታጠበ አንሶላ ላሰጣ ስወጣ ከአለቱ ሥር ቀይ ነገር አየሁ። ካሜራቸውን ዳር ላይ አቁመው ከመሳሳቱ የተነሳ ወደጠቆረው በረዶ እየሄዱ ነበር። አንሶላውን ጣልኩ። ልጮህ ስል ወዲያው ቀዩ ነገር ጠፋ፤ አንድም ድምፅ አልሰማሁም።

ቤንዶ ውሾቹን ሲመግብ ነበርና ጠርቼው አብረን ሮጥን። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ጫፉን ሰጠኝና በደረቱ እየተሳበ፣ በረዶውን በጦሩ እንጨት እየመታ ገባ። እኔ ከፍ ያለው ዳር ላይ ስለነበርኩ ጥቁሩ የት እንደሚጀምር ይታየኛል፤ ለእሱ አይታየውም። ከግማሽ ሲያልፍ ዞሮ ተመለከተኝ። ከዚያ ርቀት ፊቴን ማንበብ እንደማይችል ሲገባኝ ወንድሜንም ላጣው ነው አልኩ። በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ያህል “አይሆንም! በግራ! በግራ!” ብዬ ጮህኩ። በግራ ዞሮ ደረሰ፤ ካፖርቱን ይዞ አወጣቸው። ፊታቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ከቀኑ 7፡40 ላይ ሄሊኮፕተር ወሰዳቸው። የወንድሜ ሁለት ጣቶች በብርዱ ጠቁረዋል። አቶ ቶርበን እስካሁን አልነቁም፤ ይነቁ እንደሆነም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ቃሌ ከተነበበልኝ በኋላ ረዳት ኢንስፔክተሩ “እትዬ ታቢታ፣ የሚታረም አለ?” ሲሉኝ ቅንድቤን አነሳሁ። የአገሬ ልጅ ስለሆኑ አዎ ማለቴ ገብቷቸዋል። ነገር ግን “ወረቀት ቅንድብ አያነብም፤ በአፍዎ ይንገሩኝ” አሉኝ።

ስለዚህ በአፌ ተናግሬያለሁ። አስጠንቅቄያቸዋለሁ የሚለው ይሰረዝልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ ሳስተናግድ ፊታችንን እንደማያነቡ አውቃለሁ። መስኮቱን ሲዘጉም እንዳልገባቸው አውቄ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዓሣው ግን የራሴ ነው፤ በማለዳ ተነስቼ ያጸዳሁትና የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ገማ ሲባል ከፋኝ። “ይሂድና ይየው” አልኩ በልቤ። አንሶላዬን ይዤ ወጣሁ።

ከላይ የሰፈረው፣ ከተሰረዘው መስመር በቀር፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ለመሆኑ እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ታ. ኤልያሰን
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ዩ. ሐመከን
ማስታወሻ፦ አንድ መስመር በምስክሯ ጥያቄ ተሰርዟል።