ረቡዕ እቤት ይረፉ የተባሉት ልጆች

እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት! እናትሽ ተሻላቸው? ተመስገን። ነይ እዚህ የዳይሬክተሩ ቢሮ መስኮት ሥር ጥላ አለ፤ ደወሉ እስኪደወል አምስት ደቂቃ ይቀረዋል... እኔማ ደህና ነኝ። በሄድሽበት ሁለት ወር ግን ስንቱ አመለጠሽ! ዳይሬክተራችን ለሦስተኛ ክፍል ወላጆች ስለ ንባብና ሒሳብ ምዘናው ማብራሪያ ሰጡን። የልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ነው ቁጭ ብለን የሰማነው።

አነጋገራቸው ሲጣፍጥ! በአገሪቱ ያለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሠራል አሉን። ማለፍ የለ፣ መውደቅ የለ፤ ልጁ የቱ ጋ እንደተያዘ ታውቆ እንዲታገዝ ብቻ ነው። ባሌ መካኒክ አይደል፣ መኪና እንደመመርመር ነዋ ሲል ደስ አላቸው። ትምህርት ቤቶቹስ በአማካይ ውጤት ይወዳደራሉ ወይ ሲላቸው ግን መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ... ንጽሕና ይወዳሉ።

ስብሰባው ሲያልቅ አምስት ወላጆችን ለብቻ አስቀሩን። ክብር አይደል? የኔ መካከለኛዋ፣ ያቺ በጣቷ እየተከተለች የምታነበው፣ ድክም ብላለችና ረቡዕ እቤት ትረፍ አሉኝ። ረቡዕ ደግሞ ምዘናው ነው... የልጅን ድካም ከሳምንት በፊት የሚያውቅ ሐኪም እንኳ የት ይገኛል?

«ወረቀቱ የቱ ጋ እንደተያዘች እንዲነግረን አልነበር?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሷ አስቤ እኮ ነው፣ እናትየ» አሉኝ።

ቁጥር አዋቂ ናቸው፤ ማን ከቁጥር እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ ሳይጽፉ ያውቁታል። መቀነስንማ እንደሳቸው ማን ያስተምራል? አምስት ልጅ በአንድ ከሰዓት!

እኔ ደግነታቸው አልገባ ብሎኝ ረቡዕ ጠዋት ፀጉሯን ጎንጉኜ ላክኋት። አስተማሪዋም እጇን ይዛ አስገባቻት። አራቱ እቤታቸው አረፉ... ሰፈር ለሰፈር ሲሯሯጡ ዋሉ አሉ፣ ደክሟቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ሒሳቡን እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። ንባቡ ዝቅ ብሏል፤ ግን ወረቀቱ ልቅም አድርጎ ነገረን፣ ረጃጅም ቃላት መሃል ላይ ትጠፋለች። አሁን አስተማሪዋ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት ታስነብባታለች። ትናንት የአባቷን የሳል መድኃኒት ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ... ሳሉ ነው አለ።

ትምህርት ቤቱ ከወረዳው ሁለተኛ ወጣ። በኔ ልጅ ምክንያት ነው ይላሉ። ዳይሬክተራችን ለአንደኝነቱ ሰሌዳ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ምስማር ቀድመው አስመትተው ነበር፤ አሁን ኮታቸውን ይሰቅሉባታል። ሲባክን አይወዱም።

ውይ፣ ለካ እዚሁ ውስጥ ናቸው? ይስሙኝ፣ ምርቃት ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የልጆቻቸውን ወግ ማዕረግ ያሳያቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውንም፣ አንድ በአንድ፣ ልክ እንደሳቸው ያለ ዳይሬክተር አይንሳቸው።