የፓትሮስ ቋጥኝ

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ላሳር ጀልባውን ለገዢ ሊያሳይ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ፣ ከጎረቤቱ ልጅ ከክሌመንት ጋር ተገጣጠመ። ክሌመንት የባሕር ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሕንድ ኬረላ ጠረፍ ከተመለሰ ገና ወሩ ነው።

«አጎቴ፣ የእውነት ሊሸጧት ነው?»

«ምን ላድርጋት? የአባቴ ቋጥኝ ጥሎኝ ሄደ። ዓመት ሙሉ መንጠቆ የምጥለው ጭቃ ላይ ነው።»

በዚያ መንደር ዓሣ የሚሰፍርበት የባሕር ቋጥኝ እንደ ርስት ከአባት ለልጅ ይወርዳል። አጥማጁ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ከኋላው ካለው ተራራ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ይቀዝፋል፤ ሌላም እንዲህ ያለ ጥንድ ምልክት ይፈልግና ሁለቱ ሲገጥሙለት ከሥሩ ቋጥኙ አለ ማለት ነው። ላሳር ምልክቶቹን ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

«ከመሸጥዎ በፊት አንዴ በእኔ ጂፒኤስ እንሂድ።»

«በዚያች ሣጥን? እሷ ደግሞ ባሕር መቼ ታውቅና?»

«ባሕሩን አታውቅም። ከሳተላይት በምትቀበለው ምልክት የት እንደቆምን ነው የምትነግረን። ጭጋግ ቢወርድም ግድ የላትም።»

«ታዲያ ቋጥኜ የት እንዳለ ማን ነገራት?»

ክሌመንት አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አብሬዎት ስወጣ ቦታውን መዘገብኩት። ያለ እርስዎ ግን ደርሼበት አላውቅም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ» አለ ላሳር። በጣም ተቆጥቷል፤ ነገር ግን ጀልባውን ከመሸጥ ሌባን መከተል ሳይሻል አይቀርም ብሎ አሰበ። «ና ግባ። አንተንም ሣጥንህንም ዛሬ እንፈትናለን።»

ባሕሩ መካከል ላሳር ማማውን ከተራራው አገጠመና «እዚህ ነው» አለ። መሣሪያው ግን ገና መቶ ሃያ ርምጃ ወደ ሰሜን ይላል።

«አጎቴ፣ አምና አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ማማው የት ቆመ?»

«ከአሮጌው አርባ ርምጃ ወደ ደቡብ። ድንጋዩን በዚህ ትከሻዬ...» አለና ሳይጨርሰው ወደ ማማው ዞረ። ዓመት ሙሉ ቋጥኙን ሲያማ የኖረው፣ ራሱ ተሸክሞ ያዛወረውን ምልክት እያየ ነበር፤ ማማው አርባ ርምጃ ሲዛወር መስመሩ እዚህ ሩቅ ባሕር ላይ መቶ ሃያ ርምጃ ይስታል።

ወደ ሰሜን ሄዱ። ክሌመንት አብሮ ባመጣው፣ ጥልቀትን በድምፅ በሚለካ ሌላ መሣሪያ መስኮት ላይ ሜዳ የነበረው የባሕር ወለል ቀስ እያለ ተነሣና ጉብታ ሆነ፤ በላዩም ዓሣው ተነስንሶ ታየ። ላሳር ቆቡን አወለቀ።

«አባቴ በገመድ ባሰረው የእርሳስ ብረት ዳበሰው። እኔ በመንጠቆ ሃምሳ ዓመት ዳበስኩት። ያየነው ግን የለም» አለ፤ ዕንባውንም አልደበቀም። «ልጄ፣ ለካ እንዲህ ትልቅ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ በዓሣ ተሞልታ ስትመለስ ገዢው አሸዋው ላይ ይጠብቅ ነበር። ላሳር ጀልባዋ እንደማትሸጥ ነገረውና ለተሰበሰበው አጥማጅ ስለ ሣጥኗ መስበክ ጀመረ። ነዳጅ በፍለጋ አያልቅም፤ በዝናብ ወራት ጭጋግ ሲወርድ ሰው ቤቱ ይገባል፤ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ ያለበትን ቦታ ሊያድኑት ለሚመጡ ይናገራል አለ። ጠዋት ሣጥኗን የሰደበ እርሱ መሆኑን ግን አላነሣም።

ከዚያም ወደ ክሌመንት ዞረ። «ሌሎች አሥራ አንድ ቋጥኞች አሉኝ። ከእኔ ጋር ከሚቀበሩ አብረን እየሄድን ትመዘግባቸዋለህ። የዛሬውን ምን ብለህ ጻፍከው?»

«ቁጥር አንድ።»

«ሰርዘውና ፓትሮስ በለው። የአባቴ ስም ነው።»