በአባቴ ስም

«ከእንግዲህ ወደዚህ በር የምትመጪው ልጅ ልታደርሺ ብቻ ነው።» ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሆዴ ገፋ ሲል እንዲህ ብሎ ያሰናበተኝ የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር ነበር።

ባለፈው ሰኔ እዚሁ ቦንጋ፣ በዚያው ግቢ፣ ጎበዝ ተማሪዎችና ምስጉን መምህራን ሲሸለሙ ልጄ አንደኛ ወጥታ ተጠራች። «ቤዛ ወልዴ፣ ከወላጅ ጋር» ተባለ። እጇን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። መድረክ መሪው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው። ስሜን ሲጠይቀኝ «አስቴር ወልዴ» አልኩት። «እህቷን አይደለም እኮ የጠራነው፤ ጋሽ ወልዴን ጥሪልን» ብሎ ሳቀ፣ ዳሱም አብሮት ሳቀ። የልጄ አባት አላውቃትም ብሎ ሺሺንዳ ከተማ ስለቀረ ቤዛ የምትጠራው በእኔ አባት ስም ነው። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እወርድ ነበር። ያን ቀን ግን እግሬ እምቢ አለ። «ጋሽ ወልዴ አያቷ ናቸው። የወለድኳት እኔ፣ ያሳደግኳትም እኔ። ሽልማቱን ስጠን» አልኩት። ማይኩ ለካ አፌ ሥር ነበር፤ ዳሱ ሁሉ ሰማኝ። ለመሸለም ተራዋን የምትጠብቀው የቤዛ አስተማሪ ከወንበሯ ተነስታ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ አጨብጭቡላት እንጂ» አለች። ተጨበጨበ።

መስከረም ላይ ቤዛን ከበሩ አደረስኳት። እንደ ወትሮው አልተመለስኩም፤ ገብቼ ለማታ ትምህርት ከሚመዘገቡት ጋር ተሰለፍኩ። መዝጋቢው ቀና ብሎ «የልጅሽ ስም ማነው?» አለኝ።

«የራሴን ጻፍ» አልኩት። «አስቴር ወልዴ፣ ስምንተኛ ክፍል።»