ሦስተኛው ሣጥን

— ሄሎ! ሄሎ... አቤት ጋሼ ዘነበ! እኔ ነኝ፣ ሞረዳ፣ የቁፋሮው ዘበኛ። የአርጆ ቴሌዋ ሸዋጌጥ ናት ስልክ አለህ ብላ የጠራችኝ... እግዚአብሔር ይመስገን። አዲስ አበባ በሰላም ገቡ?

— አዎ፣ ሣጥኖቹን የጫንኩት እኔው ነኝ... ሦስተኛው? አፅሙ ያለበት?... አውቃለሁ ጋሼ። ድንጋዩን የከተትኩበት እኔ ነኝ።

— ኧረ አልሸጥኩም! አፅም ማን ይገዛል? ቀበርኩት።

— ቀበርኩት አልኩዎ! ይሰማዎታል?... አዴ ድርቤን ያውቋቸዋል፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተከናንበው የሚውሉትን... እሳቸው። ልጃቸው ነመራ በቀይ ሽብር ተወስዶ ቀረ። ማልቀስም ተከለከሉ፤ ይኸው ስምንት ዓመት፣ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም። እርስዎ ያንን አፅም ሲጠርጉ የፊት ጥርሱ ሸራፋ ሆኖ ታያቸው። የነመራም ሸራፋ ነበር። «ልጄ ነው» አሉ፤ በቃ።

— እንዴት አልነግራቸውም! «አዴ፣ ይሄ ክርስቶስ ሳይወለድ የሞተ ሰው ነው፣ ምሁሩ ብለዋል» አልኳቸው። «ምሁሩ ነው የወለደው?» አሉኝ።

— የለም፣ ሸክላዎቹን አልነካሁም፤ አራተኛው ሣጥን ውስጥ ናቸው... ጸሎት ቤታችን መንግሥት እንዳሸገው አይደል፣ ጓሯቸው ነው የቀበርነው። ሽማግሌው ኦቦ ኢዶሳ በለሆሳስ ጸለዩ። ያ ዋቃ፣ አምላኬ! አፍ በነጠላ ታፍኖ እንዴት ተለቀሰ መሰለዎ...

— ቆፍሬ ላውጣው?... አላወጣውም ጋሼ። እንኳን ከሥራ ቢያስወጡኝ፣ ቢያሳስሩኝም አላወጣው።

— ቆይ... ሸዋጌጥ፣ እህቴ፣ አንዴ ውጪ ቆይልኝ። በሩን ሳቢው።

— ጋሼ፣ አዴ ድርቤ እንደተሳሳቱማ ከእርስዎ በፊት አውቃለሁ። ነመራን የቀበርኩት እኔ ነኝ... ኧረ አልገደልኩትም! የቀበሌ ጥበቃ ነበርኩ። አካፋ ሰጥተው ቆፍር አሉኝ፤ ፈራሁ፣ ቆፈርኩ። አሁን መንገድ ወጥቶበታል፣ መኪና ይሄድበታል። ከየት አምጥቼ ልስጣቸው?

— ልንገራቸው?... እንዴት አድርጌ! ያን ዕለት ከቀብር ስንመለስ ራሳቸው ውኃ ይዘው መጡ። «እኔ ነኝ የማስታጥበው» ብለው ሰው አላስነኩም። እጄን ያዙና «ልጄን የቀበረ እጅ ይባረክ» አሉኝ...

— ጋሼ?... ሄሎ?... ጋሼ ዘነበ፣ አሉ?

— ሸዋጌጥ፣ ነይ ግቢ። ዘጉት።