ረጃጅሞቹ ጣቶች

የግል ጋዜጦች በበዙበት ዘመን ነው። ደሴ፣ ማስታወቂያ በምሥልበት ቤቴ አንድ ጎልማሳ ገባና «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት ልከፍት ነው፤ መቀስ የያዘ እጅ ይሣሉልኝ» አለኝ። የቤቱን ስም ብጠይቀው «እሱ ይደርሳል፤ ብቻ ጣቶቹን እንደ ልማድዎ ያርዝሟቸው» አለ። ዋጋ እንኳ አልጠየቀም። ያን ጊዜ ጠረጠርኩት። በአንድ ጋዜጣ ላይ ባለሥልጣናትን የሚነቅፉ ካርቱኖች እሥል ነበር። አዘጋጁ ለደኅንነቴ ሲል ስሜን ከሥዕሉ ላይ ይሰርዘዋል፤ ረጃጅሞቹን ጣቶች ግን አንባቢ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰውየው የመጣው ሥዕሌን ከካርቱኖቹ ጋር ሊያመሳክር መሆኑ ገባኝ።

ጣቶቹን አሳጥሬ ብሸኘው ነገሩ ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ሥራዬን መካድ አስጠላኝ። እንደ ልማዴ አርዝሜ ሣልኩና ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩበት። «ለላኩህ ሰዎች ንገራቸው፤ ራሳቸው መጥተው ቢጠይቁኝም አልክድም» አልኩት። ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ስሜ ያለበትን ጠርዝ ቀድዶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ጋሼ፣ ይህን እርስዎ አልጻፉም፤ እኔም አላየሁም» ብሎ፣ እጁ የተሣለበትን ወረቀት ብቻ ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣብኝም። ቢሆንም ስሜን የቀደደ ሰው ነውና፣ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም።