የሯጩ ንፍሮ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ከሁምቦ ገበያ በቆሎ ገዝቶ መመለስ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ለራሴ ብቻ ምሳ መሥራት ትቼ ነበር። አንድ ቀን በዚያው መንገድ ወደ ሶዶ ብቻዬን ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትና የእህቷ ልጅ የሆነ ወጣት አስተማሪ ይነጋገሩ ነበር።

«ይህን ቅቅል ቦይና ብላ። ገና አልቀዘቀዘም» አለችው ሴትዮዋ፣ ጎደሬውን እያቀበለችው።

«አልበላም፣ አክስቴ። ቅዳሜ ለአውራጃው ቡድን ሯጭ ይመረጣል። መቅለል አለብኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ቀልለህ ሮጠህ ስንተኛ ወጣህ?»

«እስከ ግማሹ ድረስ የምመራው እኔ ነበርኩ።»

«ከግማሹ በኋላስ?»

«ጉልበቴ ከዳኝ።»

«አንደኛ የወጣው ልጅ ምን በልቶ ነው የሮጠው?»

«ቦይና። ግን ቀጭን ፈረስ ነው የሚፈጥነው።»

«ሣር ትቶ የፈጠነ ፈረስ የት አየህ? ትናንት ጎረቤቶች ንፍሮ ይዘው ሊያጽናኑኝ መጡ።»

«ማን ሞቶ?»

«እኔም እሱኑ ጠየቅኳቸው። ልጁ እህል ትቶ ከሳ፣ ሐዘን ቢደርስባችሁ ነው አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ማንም አልሞተም፣ ሯጭ ሆኖ ነው አልኳቸው።»

«ከዚያ ሄዱ?»

«ንፍሮውን በልተው ሄዱ።»

ልጁ ቦይናውን ተቀበላት።

«ማጥቀሻ ዳጣ ይዘሻል?» አላት።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለአንድ ሰው የሚበቃ ምሳ እሠራለሁ፤ ሠርቼም እበላለሁ።