የአባቱን ዝምታ የለበሰው ልጅ

ደራሲዋ ወደ ማተሚያ ቤታችን ብቅ ያለችው የመጀመሪያ መጽሐፏን ሽፋን ቀለም ለማየት ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ ከሽማግሌው አርታኢያችን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሳቸው የልቦለዷን ገጾች ታቅፈው ወደ ማሽኑ ክፍል ይጣደፋሉ፤ እኔ አራሚው ከኋላ እከተላለሁ። ከታች የማሽኑ ሠራተኛ «ኧረ ገጹ የት ደረሰ?» እያለ ይጮሃል።

ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ የልጅቱ ዓይን ከላይ ባለው ገጽ ላይ አረፈ፤ ፊቷም ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ‹ልጁ የአባቱን ዝምታ ለብሶ አደገ፤ እጅጌው ረዝሞበት› የሚለው የት ሄደ?»

«እሱማ ተስተካክሏል፣ ልጄ። ‹ልጁ ዝምተኛ ነበር› ብዬዋለሁ። አጭርና ግልጽ።»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ቀይ እስክሪብቶ ከያዙ ለዘይቤ ምሕረት የላቸውም፤ አንባቢን የሚያደናግር ጌጥ ነው ባይ ናቸው። በቢሮ ቅጽል ስማቸው «አጫጁ» ነው።

«እንዲህ ከታተመማ የእኔ መጽሐፍ አይደለም። ስሜ ከሽፋኑ ይነሳልኝ።»

«ኧረ ተይ አንቺ ልጅ! ዝምታ ይለበሳል እንዴ? እጅጌስ አለው?»

«ዝምተኛ ነበር ካልን ጠባዩ ይመስላል። የሱ አይደለም እኮ! አባቱ ያወረሱት ነው፤ ልኩም አይደለም። እጅጌው እጁን ውጦበት፣ እናቱ ስትታመም እንኳ ዘርግቶ ሊይዛት አልቻለም።»

«እንግዲያው ‹አባቱ ዝምተኛ ስለነበሩ እሱም ዝምተኛ ሆነ› እንበለዋ።»

«ያ ምክንያቱን ይናገራል እንጂ ልኩ አለመሆኑን አያሳይም። ‹ከንፈሯ እንደ ጽጌረዳ› ያልኩትን መሰረዝዎ ግን ደግ አደረጉ፤ ለማሳመር ብቻ ነበር።»

«እኔ ሰው በሚገባው ቋንቋ ነው የምናገረው!» አሉ ሽማግሌው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ታች ደረጃ ሰደድ አድርገው።

እውነቱን ልናገርና ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ ልጅዎ አግብታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ተወኝ እስቲ! ቤቱ ሊውጠኝ ይደርሳል።»

«ቤት አፍ አለው እንዴ፣ ጋሼ?» አለች ደራሲዋ ቀስ ብላ። «‹ቤቱ ባዶ ነው› ቢሉን እኮ ወንበሩን ብቻ ነበር የምናስበው። አሁን ግን እርስዎን አሰብንዎ።»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ገጹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የሰረዙትን በገዛ እጃቸው መልሰው ጻፉት።

ከዚያን ቀን ወዲህ የቤታችን ልማድ ተቀየረ። ዘይቤ ከመሰረዙ በፊት ደራሲው ይጠራና «ይህ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ተብሎ ይጠየቃል። መልስ ካጣ ዘይቤው ይወጣል። መልስ ካለው ይቀመጣል፤ አንባቢም የባለታሪኩን ድርጊት ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚብላላውን ጭምር ያገኛል። ደራሲዎችም ለማሳመር ብቻ መጻፍ ቀንሰዋል።

ያን ዕለት ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሽማግሌው ገጾቹን አስረክበው ሲመለሱ ደረጃው መሃል ቆም አሉ።

«ለመሆኑ ልጁ ያን ዝምታ በመጨረሻ ያወልቀዋል?»

«የሚያወልቅበትን ገጽ እኮ ‹ዘይቤ በዛበት› ብለው አንብበው ሳይጨርሱት ሰርዘውታል» አልኳቸው።

ደራሲዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከታች ማሽኑ መንጎድጎድ ጀምሯል። ዘመናቸውን ሁሉ «ቶሎ በሉ» ሲሉን የኖሩት ሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን በሩጫ ወረዱት።

«አቁሙት! ማሽኑን አቁሙት! ልጁ ገና አልተናገረም!»